«እስኪሻልዎ ድረስ ቤትዎ ይረፉ» ላሉን ጸሐፊ

ሰሞኑን ታናሽ ወንድሜ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ስለ ድንገተኛ ጭንቀት ነው። ከሥሩ «ያንቺ ጉዳይ ነው፣ ሳትናደጂ አንብቢው» ብሎበታል። አነበብኩት። ተናደድኩ። ቡና ጠጥቼ (ግማሽ ስኒ ብቻ፣ ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ) እንደገና አነበብኩት። ያኔ ንዴቱ በረድ አለልኝና መልስ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ጽሑፉ የሚያናግረው ታክሲ ውስጥ ወይም ገበያ መሃል ልባቸው ድንገት የሚዘልባቸውን፣ ከዚያ በኋላም ከቤት መውጣት የሚፈሩትን ሰዎች ነው። ባጭሩ ሰባት ነገር ይላል። በሽታው የፈረንጅና የሥራ ፈት ነው። ልብ መታ ተብሎ ሐኪም ቤት መሮጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ሲይዝ በኃይል አየር መሳብ፣ ካልሆነም ፌስታል ውስጥ መተንፈስ ነው። እስኪሻል ድረስ ቤት ማረፍ ነው። መድኃኒቱ ሱስ ያስይዛል። ጸሎትና ጸበል ይበቃል። ጠንካራ ሰውን ደግሞ መጀመሪያውኑ አይነካውም።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። በክፋት የጻፉ አይመስለኝም። እንዲያውም ከሰባቱ ምክሮች እኔን በጣም የጎዳኝ በጣም ደጉ ነው። እሱ ላይ ስደርስ ረዘም አደርገዋለሁ።

በመጀመሪያ ግን ነገሩ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ያልያዘው ሰው «ጭንቀት» ሲባል የቤት ኪራይ ማሰብ ይመስለዋል።

ከመገናኛ ወደ ቦሌ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። የመጨረሻው ወንበር፣ መስኮት ጥግ። ከጎኔ ሦስት ሰው አለ። ከፊቴ የሚታጠፈው ወንበር ላይ አንዲት እናት ከነዘንቢላቸው ተቀምጠዋል። መብራት ያዘን። ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። ድንገት ልቤ አንድ ምት የሳተች መሰለኝ፤ ከዚያ ትር ትር ማለት ጀመረች። ትንፋሽ አጠረኝ። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ከንፈሬ ዙሪያ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። የሬዲዮው ድምፅ ራቀብኝ። ልሞት ነው አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ካልሞትኩም ሰው ፊት ጨርቄን ልጥል ነው አልኩ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ወያላው «እዚህ አይቆምም እህት፣ ትራፊክ አለ» አለኝ። በሰው ጭን ላይ ተረማምጄ፣ ዘንቢሉን ገፍቼ፣ እንደምንም ወረድኩ። አስፋልቱ ዳር ቁጭ አልኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ለቀቀኝ። የቀረኝ የደረቀ ላብና እፍረት ብቻ።

ይህ ፓኒክ አታክ ይባላል። ዋናው ጣጣ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። መጀመሪያ የኋላ ወንበር ተውኩ። ከዚያ ሚኒባስ ተውኩ። ከዚያ የባንክ ሰልፍ፣ ቅዳሴ፣ ሠርግ፣ ሊፍት። መጨረሻ ላይ ከግቢያችን በር ሃምሳ ሜትር የማይርቀው ሱቅ ቀረኝ። እሱንም በወንድሜ መላክ ጀመርኩ። ይህ ደግሞ አጎራፎቢያ ይባላል። «አጎራ» በግሪክ አደባባይ፣ ገበያ ማለት ነው፤ ነገር ግን አደባባይ መፍራት ብቻ አይደለም። ፍርሃቱ «እዚያ ከያዘኝ ማምለጫ የለኝም፣ የሚደርስልኝም የለም» የሚል ነው። ስለዚህ የታጨቀ ታክሲና ባዶ ሜዳ፣ ለማያውቀው ሰው ተቃራኒ ቢመስሉም፣ ለእኛ አንድ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ምክሮቹ።

«የፈረንጅ በሽታ ነው።» እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ሀብታምም ድሃም አገሮች ባሉበት፣ በ25 አገሮች በተሰበሰበ ጥናት ከ100 ሰው 13ቱ ያህል በሕይወታቸው ቢያንስ አንዴ ፓኒክ ይዟቸዋል። ወደ በሽታነት ያደገባቸው ግን ከ100 ሁለት አይሞሉም። ስሙ የፈረንጅ ነው፣ ነገሩ የሁሉም ነው። እኛ ሰፈር ልጅ እያለሁ «ድንጋጤ የገባባት» የምትባል ሴትዮ ነበረች። ከግቢዋ ወጥታ አይቼያት አላውቅም። ማንም ሥራ ፈት አላላትም፤ በርበሬ ስትደልዝና እንጀራ ጋግራ ስትሸጥ ነው ልጆቿን ያሳደገችው።

እኛ ዘንድ የሌለ የሚመስለው ስለሚደበቅ ነው። ሱቅ የሚላክ ልጅ አይጠፋም። ወፍጮ ቤት የሚሄድ ሰው አይጠፋም። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ከቤት አለመውጣቷ ያስመሰግናታል፤ «ጭምት»፣ «የቤት ልጅ» ትባላለች። እኔ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ከበር ሳልወጣ ስቀር ጎረቤቶቻችን እናቴን «ታድለሻል፣ እንዲህ ያለ ልጅ የት ይገኛል» ይሏት ነበር። የነቁብኝ ለቅሶ ስቀር ነው። ሠርግ ቢቀሩ ይቅርታ አለው። ለቅሶ የቀረን ግን ማን ይምራል?

«ልብ ስለመታ ሐኪም ቤት መሮጥ ገንዘብ ማባከን ነው።» ግማሹ ልክ ነው። ግማሹ ግን ሰው ሊገድል ይችላል። በልጅነት በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣ የልብ ሕመም አለ፤ የልብ በሮችን ያበላሻል። አገራችን ውስጥ ዛሬም ብዙ ወጣቶች ይታመሙበታል። እሱም ልብን ያስመታል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ከመጠን በላይ የሚሠራ የእንቅርት ዕጢም እንዲሁ ያደርጋል፤ ልብ ያስሮጣል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያልባል። ደም ማነስም አለ፣ አስምም አለ። እነዚህን በስልክ መለየት አይቻልም። ስለዚህ አንድ ጊዜ በደንብ መታየት ግድ ነው፤ በጆሮ መስሚያ መደመጥ፣ የልብ ምት ማንበቢያ፣ የደምና የእንቅርት ምርመራ። ዳገት ስትወጡ ደረታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ወይም እውነት ራሳችሁን ስታችሁ ከወደቃችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አቁማችሁ ዛሬውኑ ሂዱ።

ልክ የሆነው ግማሽ ሁለተኛውና ሦስተኛው ምርመራ ላይ ነው። እኔ አራት ቦታ ልቤን ተነስቻለሁ። አራቱም «ልብሽ ንጹሕ ነው» አሉኝ። አንደኛው ቫይታሚን ጻፈልኝ፣ ሌላው «ትዳር ብትይዢ ይተውሻል» አለኝ። «ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል የሚያሳርፈኝ እስከ ታክሲ ተራ ድረስ ነበር። ከዚያ በኋላ «ማሽኑ ተበላሽቶ ቢሆንስ?» ይመጣል። ከመጀመሪያው ጥሩ ምርመራ በኋላ የሚደረግ ሌላ ምርመራ ፍርሃቱን መቀለብ ነው። እዚህ ጋ ከጸሐፊው ጋር ተስማምተናል።

«ሲይዝዎ በኃይል አየር ይሳቡ።» ይህን ምክር የሰጠኝ ሰው ሁሉ ሊረዳኝ አስቦ ነው። የሚያደርገው ግን እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው። ለምን እንደሆነ በመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ገላዬ ነው የተማርኩት።

በመጨረሻ ያገኘሁት የአእምሮ ሐኪም ገና በሁለተኛው ቀን ሰዓቱን ፈታና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አሁን ቁጭ ብለሽ ለአንድ ደቂቃ ቶሎ ቶሎ፣ በረጅሙ ተንፍሺ» አለኝ። «ቢይዘኝስ?» አልኩት። «እንዲይዝሽ ነው» አለ። ጀመርኩ። ሠላሳ ሰከንድ አካባቢ አዞረኝ። አርባ ላይ ጣቶቼ ደነዘዙ። ከንፈሬ ላይ ያ ጉንዳን መጣ። ክፍሉ ራቀብኝ። «ታክሲ ውስጥ የያዘሽ ይኼ ነው?» አለኝ። ነው። አንድ በአንድ እሱ ነው። እሱም አብሮኝ ሲተነፍስ ነበርና እጁን እያፍታታ «እኔንም ደንዝዞኛል» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓኒክ ውስጥ ያለ ሰው ኦክስጅን አልጎደለውም። ከልክ በላይ በመተንፈሱ ከደሙ የወጣበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በተለምዶ የተቃጠለ አየር የምንለው። እሱ ሲያንስ ወደ አንጎል የሚሄዱት ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ የደሙም አሲድነት ይቀንሳል። ያኔ ያዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ነገሩ ሁሉ ሕልም ሕልም ይላል። የሚገርመው ደግሞ ይሄው ራሱ «አየር አጠረኝ» የሚል ስሜት ያመጣል። ያኔ ሰውየው ይበልጥ ይስባል። ይበልጥ ያዞረዋል። «በኃይል ሳብ» የሚለው ምክር ሰውየውን በዚህ ዙሪያ ያሽከረክረዋል።

ፌስታሉን ደግሞ እባካችሁ ጣሉት። ድሮ ሐኪሞች ወረቀት ከረጢት ይመክሩ ነበር፤ አሁን እሱም አይመከርም። የያዘው ፓኒክ ሳይሆን አስም ወይም የልብ ሕመም ከሆነ ኦክስጅን ይነሳዋል። የላስቲክ ፌስታል ደግሞ አፍንጫ ላይ ተለጥፎ ማፈንም አለበት።

የሚያግዘው ተቃራኒው ነው። አፍን ዘግቶ በአፍንጫ ትንሽ ሳብ፣ ከሳቡት ረዘም አድርጎ ማስወጣት። አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት። እሱንም ቢሆን እንደ ክታብ አትያዙት። እኔ ለተወሰነ ጊዜ ይዤው ነበር፤ ቆጠራ ሲሳሳትብኝ እሱ ራሱ ያስደነግጠኝ ጀመር።

ሌላው «ልወድቅ ነው» የሚለው ነው። ሰው ራሱን የሚስተው ባብዛኛው የደም ግፊቱ ድንገት ሲወርድ ነው። ፓኒክ ላይ ልብ እየሮጠ ነው፣ ግፊቱ ወደ ላይ ነው። ደም ሲያዩ ከሚወድቁ ሰዎች በቀር በፓኒክ መውደቅ ብርቅ ነው። ይህን አንድ ነገር ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት ለቅሶ በደረስኩ!

ስለ ግማሽ ስኒዬ ቃል ገብቼ ነበር። ጸሐፊው ስለ ቡና አንድም ቃል አልተነፈሱም፣ እኛ አገር ተቀምጠው! ፓኒክ ያለባቸው ሰዎች አምስት ስኒ ያህል ቡና የሚያክል ካፌይን በአንዴ ሲሰጣቸው ግማሽ ያህሉን ይይዛቸዋል፤ ሌላው ሰው ግን አይነካውም ማለት ይቻላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላችሁ ከጠጣችሁ በኋላ ታክሲ ተራ ሄዳችሁ «ምን ነካኝ?» አትበሉ። ጫትም እንደዚሁ፣ ልብ ያስሮጣል። እኔ ቡና አልተውኩም። አቦል ግማሽ ስኒ ጠጥቼ ለቶናው ጭሱን እሞቃለሁ።

አሁን ወደ አራተኛው። «እስኪሻልዎ ድረስ ቤትዎ ይረፉ።»

ይህን ሳነብ እናቴን ነው ያየኋት። ቃል በቃል የእሷ ምክር ነው። «ልጄ፣ ምን አስጨነቀሽ፣ እስኪሻልሽ ተቀመጪ።» በፍቅር ነው። ወንድሜም ሁሉንም ይላክልኝ ነበር። ሞባይል ካርድ፣ ሳሙና፣ የሴት ዕቃ ሳይቀር። እኔም አረፍኩ። እያረፍኩ እያረፍኩ ዓለሜ አንድ ክፍልና አንድ በረንዳ ሆነች።

ምን ሆኖ ነው? ያን ቀን ከሚኒባሱ ስወርድ እፎይ አልኩ አይደል? ትምህርቱን የሰጠኝ ያ እፎይታ ነው። አእምሮዬ «መውረድሽ አዳነሽ» ብሎ መዘገበ። እውነቱ ግን ባልወርድም ይለቀኝ ነበር። ፓኒክ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መውረድ እንጂ ሌላ መሄጃ የለውም። ሰውነት ሲደነግጥ የሚረጨው አድሬናሊን ያልቃል። እኔ ግን ሁልጊዜ ከመውረዱ በፊት ስለምወርድ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። በየጊዜው ስሸሽ ሽሽቱ ምስጋናውን ይወስዳል፣ ፍርሃቱ ደግሞ ትንሽ ያድጋል። በማግስቱ የሚያስፈራው ቦታ አንድ ይጨምራል።

ቤት ሳይቀሩ መሸሽም አለ። እሱን በደንብ አውቀዋለሁ። ጋቢና ካልሆነ አለመሳፈር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሩን በዓይን ይዞ መቆም። ቦርሳ ውስጥ የውኃ ላስቲክ። ስልክ በእጅ፣ የእናት ቁጥር ተከፍቶ። ለሁለት ዓመት ሳልውጠው የያዝኩት አንድ ኪኒን ነበረኝ፤ ወረቀቱ አልቆ ዱቄት ሆኖ ነበር፣ እንዲያም ሆኖ ያለ እሱ አልወጣም ነበር። ሰው ሲያየኝ ወጣ ገባ እላለሁ። በእኔ ሒሳብ ግን የወጣችው ላስቲኳ ናት።

ሐኪሙ ደብተር አስገዛኝ። የሚያስፈሩኝን ቦታዎች ከቀላሉ እስከ ከባዱ አሥር ደረጃ አድርጌ ጻፍኩ። አንደኛው፣ በራፍ ላይ አሥር ደቂቃ መቆም። ሁለተኛው፣ ብቻዬን ሱቅ ሄዶ ሻማ መግዛት። አሥረኛው፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ፣ ከመገናኛ የኋላ ወንበር ጥግ ላይ ተቀምጦ ቦሌ መድረስ። ከመሄዴ በፊት ይሆናል ያልኩትን እጽፋለሁ። «እወድቃለሁ፣ ከ100 90።» ከተመለስኩ በኋላ የሆነውን እጽፋለሁ። «አልወደቅኩም። ልቤ መታ። ባለሱቁ መልስ አሳሳተኝ።» ደብተሩ ውስጥ «እወድቃለሁ» የሚለውን አንድ ቀን ቆጠርኩት፤ 31 ጊዜ ጽፌዋለሁ። የወደቅኩት ዜሮ ጊዜ ነው።

ቤት ውስጥም የቤት ሥራ ነበረኝ። ደረጃ ሮጦ መውጣትና መውረድ፣ ወንበር ላይ መሽከርከር፣ በስትሮ መተንፈስ። ልብ ሲመታ፣ ሲያዞር፣ አየር ሲያጥር ሰውነቴ እንዲለምደው ነው። እናቴ በር ከፍታ ስሽከረከር አይታኝ አማትባ ዘጋችው።

ቀጥ ብሎ አይሄድም። ስድስተኛው ደረጃ ቀላል ባቡር ነበር፤ ከመገናኛ እስከ ለም ሆቴል፣ አንዲት ፌርማታ። በሩ ሲዘጋ ሁሉም ነገር ተመለሰ። ለም ሆቴል ላይ ወርጄ በእግሬ እያለቀስኩ ተመለስኩ። «አበቃልኝ» ብዬ ለሐኪሙ ደወልኩ። «ስንት ፌርማታ ሄድሽ?» አለኝ። አንድ። «ዕቅዱ ስንት ነበር?» አንድ። ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። በማግስቱ እዚያችው ላይ ተመለስኩ። በሳምንት ውስጥ አምስቴ። አምስተኛው ቀን ላይ አጠገቤ የቆመችው ልጅ ስልክ ላይ ከጓደኛዋ ጋር ስትጣላ እየሰማሁ ፌርማታዬን አለፍኩ። ረስቼ ማለት ነው።

ወንድሜም ሥራው ተቀየረ። መላክ ተከለከለ። በመጀመሪያ አብሮኝ ይሄዳል፣ ከዚያ ሃያ እርምጃ ከኋላዬ፣ ከዚያ ታክሲ ተራ ድረስ ብቻ፣ ከዚያ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በጣም የተቸገረው እሱ ነው። ሻይ ቅጠል አልቆ እኔ በር ላይ ቆሜ ሳመነታ፣ እግሩ ሊነሳ ሲል አየዋለሁ። ዘመድ አስታማሚ ከሆናችሁ ከባዱ ይኼ ነው፤ ደግነት የሚመስለውን መተው።

አንድ ነገር ላጥራ። ከቤት መውጣት መፍራት ሁሉ አጎራፎቢያ አይደለም። ተኩስ ባለበት ከተማ ያለ ሰው ቤቱ ቢቀመጥ ልክ ነው። በምሽት የተዘረፈች ሴት ያን መንገድ ብትፈራ በሽታ የለባትም። እኔ የማወራው ሱቁ ሃምሳ ሜትር ሆኖ፣ ፀሐይ ሞቆ፣ ማንም ሳይነካን ስለምንፈራው ነው።

ስለ መድኃኒት ጸሐፊው ሁለት ነገር አንድ ላይ ጠቅልለዋል። ዳያዜፓም የመሰሉ ቶሎ የሚያረጋጉ ኪኒኖች አሉ። እነሱ በርግጥ ያስለምዳሉ፣ መጠኑም እየጨመረ ይሄዳል። ለፓኒክ ለረጅም ጊዜ ባይወሰዱ ይመረጣል። ከጎረቤት ተበድሮ መዋጥማ ጭራሽ! ሌላኛው ወገን እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያለው ነው። እነዚህ በየቀኑ የሚወሰዱ ናቸው፣ ሱስ አያስይዙም፣ ሥራቸው የሚታየውም ከሳምንታት በኋላ ነው። ችግራቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው፤ ጭንቀቱን ጭራሽ ሊያብሱት ይችላሉ። ይህን ያልተነገረው ሰው በሦስተኛው ቀን ይጥላቸዋል። በትንሽ መጠን ነው የሚጀመሩት። ሲሻልም በራስ ፈቃድ በአንዴ አይቆሙም፣ ከሐኪም ጋር ቀስ ተብሎ ነው። እኔ ለዓመት ያህል ወስጃለሁ። አልደነዘዝኩም። ወፍሬያለሁ ትንሽ።

ብዙ ሰው የሚፈራው ኪኒኑን አይደለም፣ «አማኑኤል» መባልን ነው። ስሙ እኛ ዘንድ ስድብ ሆኗል። ያሳዝናል፣ ስንቱን መልሶ ወደ ሰው የቀላቀለ ቤት ነው። የአእምሮ ሐኪም ደግሞ ዛሬ እዚያ ብቻ አይደለም ያለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ስፔሻሊስቶችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ ወዲህ በሌሎች ሆስፒታሎችም ክፍሉ አለ፤ በክልልም ጭምር።

ጸበሉ ላይ ቀስ ብዬ ልሂድ፤ እኔም ጠጥቻለሁ፣ ተጠምቄያለሁም። ጸሎት አጽናንቶኛል። «ይበቃል» የሚለው ቃል ነው የማይዋጥልኝ። በኤችአይቪ ጊዜ ስንት ሰው ጸበል ገባሁ ብሎ መድኃኒቱን ጥሎ ሞተ። አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ ብለው በይፋ መናገር ነበረባቸው። ሌላም ጣጣ አለው። ልቧ የምትመታን ሴት «መንፈስ ነው» ስትሏት ከዚያ ቀን ጀምሮ የልቧን ምት በሙሉ እንደ ጠላት ኮቴ ታዳምጠዋለች። የልብ ምት እንዲህ እየተደመጠ የሚረጋጋ አይደለም።

የንስሐ አባቴ ግን ሌላ ሰው ናቸው። «አባ፣ ቅዳሴ መሃል ቢይዘኝ አቋርጬ መውጣት አልችልም፣ ለዚህ ነው የቀረሁት» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ መጀመሪያ ከውጭ ደጁ ላይ ቆመሽ አስቀድሺ። በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ግቢ። ዘንድሮ ካልደረስሽ ለከርሞ ትደርሻለሽ» አሉኝ። ለሐኪሙ ስነግረው ሳቀና «ደረጃ አወጡልሽ እኮ!» አለኝ። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም።

የመጨረሻው «ጠንካራ ሰውን አይነካውም» የሚለው ነው። አጎራፎቢያ የሚለውን ስም ያወጣው ካርል ዌስትፋል የተባለ የበርሊን ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1871። የጻፈው ስለ ሦስት ሕመምተኞች ነበር። ሦስቱም ወንዶች ናቸው። አደባባይ ማቋረጥ ያቅታቸዋል፤ ሰው አብሯቸው ካለ ወይም ከዘራ ከያዙ ይሻላቸዋል፤ ቢራ ወይም ወይን ከቀመሱም ያልፉታል። ከ150 ዓመት በፊት! ከዘራዋ የእኔ ውኃ ላስቲክ ናት። ቢራው ደግሞ ዛሬም አለ። በዚያው ዓመት ዳ ኮስታ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ስለ መጡ ወታደሮች ጽፏል፤ ልባቸው ጤነኛ ሆኖ በድንገት ይመታል፣ ያዞራቸዋል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ጦር ሜዳ የዋለን ሰው ደካማ ነው ማን ይላል?

የማውቀው የከባድ መኪና ሹፌር አለ። ሃያ ዓመት ነድቷል። ረዳት ሳይዝ ዓባይ በረሃን አይወርድም። ለሰው «ዕቃ የሚጠብቅልኝ ነው» ይላል። ረዳቱ የቀረ ቀን ጎሐ ጽዮን ላይ አድሮ ጫትና አረቄ ይዞ ይነጋበታል። አረቄው ለሁለት ሰዓት ያረጋጋዋል፤ በማግስቱ ከሰውነቱ ሲወጣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ልቡ እየመታ ይነሳል፣ ያኔ ቁልቁለቱ የባሰ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለ ወንድ ስንት አለ? ሴቷ «ጭምት» ተብላ ትደበቃለች፣ ወንዱ «ጠጪ» ተብሎ። የጸሐፊውን ሰባተኛ ነጥብ ያነበበ ዕለትማ ለማንም አይናገርም።

ይህ ሁሉ ለእርስዎ ነው፣ ጸሐፊው። ጽሑፍዎን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ሁሉንም ይለውጡ አልልም፤ ፌስታሉን ያውጡልኝ፣ አራተኛውንም ምክር ያውጡልኝ። በቦታው ምን ልጻፍ ካሉኝ ከደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይውሰዱት፦ «ነገ ጠዋት፣ በራፍ ላይ፣ አሥር ደቂቃ። ልቤ ብትመታም አልገባም።» ወንድሜን ሰዓት ያዥ አድርጌ ነው የቆምኩት። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ የጎረቤት ውሻ መጥቶ እግሬ ሥር ተኛ።